የሳምባ ምች ፈንገስና የባክትሪም ኪኒን

ብዙዎቻችን ባክትሪም እያልን የምንጠራው ኮትሪሞክሳዞል የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ለሚገኝ ሰዎች ከሳምባ ምች እንዲጠበቁ በየቀኑ የሚሰጥ ኪኒን ነው። «ጀርሙ ለምዶታል ይባላል፤ ታዲያ መዋጡ ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ስለሚነሣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ይህን የሳምባ ምች የሚያመጣው ኒሞሲስቲስ ጂሮቬሲ የሚባል ፈንገስ ነው። ጤነኛ ሰው ቢተነፍሰው እምብዛም አይጎዳውም፤ የሰውነት መከላከያው የደከመውን ግን በትኩሳት፣ በደረቅ ሳልና በትንፋሽ ማጠር ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 በሎስ አንጀለስ በ5 ወጣቶች ላይ ታይቶ ለኤድስ መታወቅ ምክንያት የሆነው ይኸው በሽታ ነው። ፈንገስ ይሁን እንጂ የተለመዱት የፈንገስ መድኃኒቶች ብዙዎቹ አይሠሩበትም፤ እነርሱ የሚያጠቁት ኤርጎስቴሮል የተባለ ቅባት በእርሱ ውስጥ የለምና። ሐኪሞች በሰልፋ ላይ የሚደገፉት ስለዚህ ነው።

ፈንገሱ ለመኖር ፎሊክ አሲድ መሥራት አለበት፤ ይህን የሚያከናውንለት ኤንዛይም አለው። በባክትሪም ውስጥ ያለው ሰልፋ የኤንዛይሙን ጥሬ ዕቃ መስሎ ይገባና ሥራውን ያግዳል። ለውጡ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም ኤንዛይሙ ከተገነባባቸው አሚኖ አሲዶች 55ኛው ወይም 57ኛው፣ አንዳንዴም ሁለቱም ተለውጠው ይገኛሉ። ይህም ይበልጥ የሚታየው ቀደም ሲል ሰልፋ በወሰዱ ሕመምተኞች ላይ ነው። በወባ ተውሳክ ተመሳሳይ ኤንዛይም ላይ የደረሰው ለውጥ ፋንሲዳርን ማድከሙን፣ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ኮአርተም መሻገሯን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።

ታዲያ ባክትሪምም እንደ ፋንሲዳር ሊጣል ነውን? አይደለም። ፈንገሱ እንደ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በቀላሉ ስለማይበቅል መድኃኒት ጨምሮ መፈተን አይቻልም፤ የሚመረመረው ጂኑ ነው። የጂን መለወጥና የመድኃኒት መክሸፍ ደግሞ አንድ አይደሉም። የተለወጠው ፈንገስ የያዛቸው አብዛኞቹ ሕመምተኞች በሙሉ መጠን ሲታከሙ ይድናሉ።

ኪኒኑ ብዙ ባክቴሪያዎችንም ስለሚከላከል ጥቅሙ በፈንገሱ ብቻ አይለካም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው የዛምቢያ ጥናት፣ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን በእጅጉ በለመዱበት አካባቢ፣ ኤች አይ ቪ ካለባቸው ሕፃናት መካከል ኮትሪሞክሳዞል ከወሰዱት 28 ከመቶ፣ ባዶ መድኃኒት ከወሰዱት ግን 42 ከመቶ ሞተዋል።

ስለዚህ ኪኒኑን «ይብቃህ» የሚለው ሐኪሙ እንጂ ጎረቤት አይደለም። ኪኒኑን እየወሰደ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ቢያጋጥም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይድረስ፤ ሰልፋ ለምን ያህል ጊዜ እንደወሰደና ስንት ቀን እንዳቋረጠም ለሐኪሙ ይነገር።