ውሃ እያሳሳቀ እንዳይወስድብን

እሑድ ደርሶ ፀሐይ ሲበረታ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት ሠፈሮች ልጆች እናቶቻቸውን «ዋና ውሰዱን» እያሉ ይወተውታሉ። በአካባቢው ባሉ ሆቴሎችና የስፖርት ማዕከላት የመግቢያውን ዋጋ የከፈለ ሁሉ የሚዋኝባቸው ገንዳዎች አሉ። ዋና ሰውነትን ያጠነክራል፤ ለልጅም ድፍረት ይሰጣል። ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙ የአዲስ አበባ ልጆች ዋና የተማሩት በግዮን ሆቴል ገንዳ ነበር። ስለዚህ ውድ እናቶች፣ ዓላማችን ልጆቻችሁን እንድትከለክሉ መምከር አይደለም።

ይሁን እንጂ «እያሳሳቀ እንደ ውሃ ይወስዳል» የሚለው አባባል የውሃን አደጋ በትክክል ይገልጸዋል። ብዙዎቻችን የሚሰምጥ ልጅ የሚጮህና የሚንፈራገጥ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሚሰምጥ ልጅ አየር ለመሳብ ስለሚታገል የሚጮህበት ትንፋሽ የለውም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ራሱን ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ አፉ ከውሃው በላይና በታች ይመላለሳል፤ ከዚያም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊሰወር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል። ከእነዚህም ሩብ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የነበረ ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ በገንዳ ዳር የመጀመሪያው ጠባቂ የእናት ዓይን ነው። ሳምንቱን በሥራ የደከመች እናት አረፍ ብላ ማኪያቶ ብትጠጣ፣ ከጓደኛዋ ጋር ብትጨዋወት ማንም አይፈርድባትም። ነገር ግን ታናሹን ለ10 ዓመት እኅቱ አደራ ሰጥቶ ስልክ መነካካት አደገኛ ነው። ሁለት ሦስት እናቶች አብራችሁ ከሄዳችሁ ተራ ግቡ፤ ተራዋ የደረሰ እናት ስልኳን አስቀምጣ ውሃውን ብቻ ትመልከት። ዋና የማይችል ሕፃን ክንድ ከሚደርስበት ርቀት አይራቅ። በአየር የሚነፋው ጎማም መጫወቻ እንጂ የነፍስ መድን አይደለም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ውሃውን ተመልከቱ። የገንዳው ወለል ጥርት ብሎ ካልታየ ተመለሱ፤ የደፈረሰ ውሃ የሰመጠ ልጅ ይሸሽጋል። ጥልቀቱ በጠርዙ ላይ መጻፉን አረጋግጡ። ነፍስ አድን ዋናተኛው ማን እንደሆነና የት እንደሚቆም ጠይቁ። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ስለ ንጽሕናም እንነጋገር። ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መነሻዋ ፍልውሃ ነበር። በፍልውሃ መታጠቢያ ክፍል አንዱ ታጥቦ ሲወጣ ውሃው ይፈሳል። በመዋኛ ገንዳ ግን ትናንት የዋኘውም ዛሬ የሚዋኘውም የሚጋሩት አንድ ውሃ ነው። ክሎሪን አብዛኛዎቹን ተሕዋስያን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ ግን በክሎሪን በታከመ ውሃ ውስጥ እንኳ ከ7 ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ገንዳ አይግባ። በዚህ ተሕዋስ ታሞ ከሆነ ደግሞ ተቅማጡ ከቆመ በኋላ 2 ሳምንት ይቆይ።

አፍንጫ የሚሰነፍጠው የገንዳ ሽታ ብዙ ጊዜ የንጽሕና ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁንና ሽታው የሚመጣው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ነው። ልጆቻችሁን ከመግባታቸው በፊት ገላቸውን በሳሙና አሳጥቧቸው፤ በየሰዓቱ ወደ መጸዳጃ ቤት ውሰዷቸው፤ ውሃውንም እንዳይውጡ ምከሯቸው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዋና የለመደ ልጅ ውሃ ባየበት ሁሉ ሊገባ ይቃጣዋል። በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ግንባታ በሰፋባቸው ሠፈሮች ለድንጋይና ለመሠረት የተቆፈሩ ጉድጓዶች በክረምት ውሃ ይሞላሉ። መግቢያ የሚከፍልበት ገንዘብ የሌለው ልጅ «ገንዳ» የሚለው ይህንኑ ነው። ውሃው ድፍርስ፣ ጠርዙ አንሸራታች ነው፤ ነፍስ አድንም የለውም። ልጆቻችሁን ከዚህ ጉድጓድ አጥብቃችሁ አርቁ፤ በሠፈራችሁ ሳይታጠር የተተወ ካለም ለወረዳው አመልክቱ።

አደጋ ቢደርስስ? ዋና የማይችል ሰው ዘሎ አይግባ፤ እንጨት ያቀብል ወይም ጎማ ይወርውር። ከውሃ የወጣውን ልጅ ሆዱን መጫን ወይም በእግሩ ማንጠልጠል አይገባም። የማይተነፍስ ከሆነ ወዲያውኑ አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ያስፈልጋል። አንዱ ይህን ሲያደርግ ሌላው በ939 ለእሳትና አደጋ ሠራተኞች ይደውል። ልጁ ቢነቃም ሐኪም ይየው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የመስመጥ አደጋ መከላከያ ዓለም አቀፍ ቀን እንዲኖር ወስኗል፤ ቀኑም ሐምሌ 18 ነው። ጥንቃቄው ግን ሐምሌን አይጠብቅም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ የፊታችን እሑድ ልጆቹ ውሃ ከመግባታቸው በፊት የሚጠብቃቸው ማን እንደሆነ ወስኑ።