የቅርጫ ሰንጋ ገበያ አመራረጥ በአዲስ ከተማ

ጣልያኖች በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የአራዳን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ ካዛወሩት ወዲህ መርካቶ የብዙ ዓይነት ሸቀጥ መገኛ ሆኗል። ይሁን እንጂ የሰፈሩ ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው ለፋሲካ ቅርጫ ሰንጋ ሲሹ፣ እንደ ሸጎሌ፣ ቄራና ካራ ካሉት ለረጅም ዘመን ከታወቁ የከብት ገበያዎች አንዱን ይመርጣሉ።

ምርጫው በርቀት ብቻ አይወሰንም። በሬው በልማድ የሚገመተው በሚዛን ሳይሆን በዓይንና በእጅ ነው፤ ገዥው ሻኛውን ይዳብሳል፣ ጎኑን ያያል፣ ጥርሱን ይመረምራል። ስለዚህ ጎረቤቶቹ የሚልኩት ከብት ዐዋቂ፣ ነጋዴዎቹንና ደላሎቹን የሚያውቅበትን ገበያ ይመርጣል። ግምቱ ቢሳሳት ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ሥጋው በመደብ ተከፍሎ ዕጣ ሲወጣ የሁሉም ድርሻ ያንሳል።

ሻጩም የራሱ ስጋት አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ ፈላጊ ስለሚያንስ ተስፋው በበዓሉ ዋዜማ ላይ ነው፤ ሳይሸጥ ያደረ ሰንጋ ግን መኖ ይጠይቃል፣ እየከሳም ይሄዳል። እንግዲህ ገዥው የሚያምነውን ሰው፣ ሻጩ ደግሞ ብዙ ገዥ የሚሰበሰብበትን ስፍራ ይሻል፤ ገበያውም የሚጸናው ሁለቱ ፍላጎቶች በሚገናኙበት ነው።