የመክፈያ ቀንና የቡና ወቅት፦ በጅማ ዙሪያ የገጠር ክፍያዎችን ጊዜ ስለ ማራዘም



የዛሬው ርእሳችን የሚነሣው ከሩቅ አገር ሕግ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሕግ፣ የሰደድ እሳትን የመከላከል ኃላፊነት ግዛቱ ራሱ በተሸከመባቸው ገጠራማ ቦታዎች ቤት ባላቸው ሰዎች ላይ ዓመታዊ የእሳት መከላከያ ክፍያ ጣለ። መጠኑ በአንድ መኖሪያ ሕንፃ እስከ 150 ዶላር ነበር። ቅሬታው እየበዛ ሲሄድ የመክፈያው ጊዜ ከ30 ቀን ወደ 60 ቀን ተራዘመ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ክፍያው ራሱ ታገደ። ለደመወዝተኛ ሠላሳ ተጨማሪ ቀን ቢያንስ አንድ ደመወዝ ነው። ለአጋሮ፣ ለጌራ ወይም ለሊሙ ቡና አምራችስ ምንድን ነው?

በእኛ አገር፣ በሕግ አነጋገር፣ የገጠር መሬት ባለቤት የሚባል ግለሰብ የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ ባለ ይዞታ ነው። የሚከፍለውም የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር ሲሆን፣ አንቀጽ 97 ሁለቱንም የመሰብሰብ ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱም «ግብር» ይባላሉ፤ ከፋዩ የሚያውቃቸውም በዚሁ ስም ነው።

የቡና ገበሬ ገንዘብ የሚያገኘው በወር በወር አይደለም። ቡናው ከየካቲትና ከመጋቢት ዝናብ በኋላ ያብባል፤ ፍሬው ለመብሰል ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ቀይ እሸት ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በፀሐይ የደረቀው ጀንፈል ቆይቶ ሊሸጥ ይችላል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ ደግሞ፣ ማኅበሩ ካተረፈ፣ የትርፍ ክፍፍሉን ከወራት በኋላ ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ፣ በተለይም ክረምቱ፣ እጅ የሚያጥርበት ነው። በዚህ ወቅት የሚመጣ ማንኛውም የክፍያ ጥያቄ ገበሬውን ወደ አበዳሪ ነጋዴ ይገፋዋል፤ ዋስትናው ገና ያልተለቀመው ቡና ነው፤ ዋጋውም አስቀድሞ፣ ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል። በመዝገብ ላይ ክፍያው ትንሽ ነው። ለመክፈል ሲባል የታጣው የቡና ዋጋ ግን በየትኛውም መዝገብ አይገባም። የግብርን ክብደት በመጠኑ ብቻ የሚለካ ጥናት ይህን ሳያይ ያልፋል የምለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ በክረምት የሚደርስን ክፍያ በሠላሳ ቀን ማራዘም ከሐምሌ ወደ ነሐሴ፣ ከባዶ እጅ ወደ ባዶ እጅ ማሻገር ነው። እስከ ጥር መጨረሻ ማራዘም ግን ሌላ ነገር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ፣ በጥር የተሰበሰበ ገንዘብ በዚያው በጀት ዓመት ውስጥ ይገባል። ወረዳው የሚያጣው ገቢ የለም፤ የሚለወጠው ገንዘቡ የሚገባበት ወር ነው። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ምርት ሲያንስ ነው። የአረቢካ ቡና አንዱን ዓመት አብዝቶ ካፈራ በቀጣዩ የመቀነስ ጠባይ አለው። ያን ጊዜ ማራዘሙ የበጀት ዓመቱን ድንበር ሊሻገር ግድ ይሆናል፤ የወረዳው ገንዘብ ያዥ ሥጋትም እዚህ ላይ ተገቢ ነው።

ማራዘም በነጻ የሚገኝ ነገር አለመሆኑንም ልብ በሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ግብር ከፋይ በጽሑፍ አመልክቶ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምለት ወይም በየጊዜው ከፋፍሎ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ወለዱ ከመጀመሪያው የመክፈያ ቀን ጀምሮ መታሰቡን አያስቀርም። አዋጁ ለክልል የመሬት ክፍያ በቀጥታ ባይሠራም አስተሳሰቡን ያሳየናል። «በጽሑፍ አመልክቶ» የሚለው ቃል ለነጋዴ ቀላል ነው። ከጌራ ጫካ ዳር ለሚመጣ ሰው የጉዞ፣ የማመልከቻ ጸሐፊና የሥራ ቀን ወጪ አለበት። በዚህ ምክንያት ለሁሉም በአንድነት አስቀድሞ የሚታወጅ የመክፈያ ወቅት በየግል ከሚጠየቅ ማራዘሚያ ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ እሳቱ እንመለስ። በጅማ ዞን፣ በሸቤ ሶምቦና በጌራ ወረዳዎች በሚገኘው የበለጠ-ጌራ ደን፣ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አሳታፊ የደን አስተዳደር ተዘርግቷል። ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ለመጠበቅ ተስማምተዋል፤ በለውጡም የደን ቡናውንና ሌላውን የጫካ ምርት ይጠቀማሉ። የካሊፎርኒያው ባለቤት በዶላር የከፈለውን እነዚህ በጉልበት ይከፍሉታል ማለት ይቻላል፦ ደኑን እየዞሩ ማየት፣ ማር ቆራጭ ጭሱን ሳያጠፋ እንዳይሄድ መቆጣጠር፣ እሳት ሲነሣ ወጥቶ ማጥፋት። የእሳት ሥጋት የሚያይለው በበጋ ነው፤ በጋው ደግሞ ከቡና ለቀማና ከማድረቅ ሥራ ጋር ይገጣጠማል። ለገንዘብ የሚበጀው ወር ለጉልበት የሚከብድ ወር ሆነ ማለት ነው። የገንዘቡን ክፍያ ወደ ጥር መግፋት ይቻላል፤ የጥርን የእሳት ጥበቃ ግን ወደ ሰኔ መግፋት አይቻልም። ለቀማ ላይ ያለች፣ ሌላ የሚሠራ ሰው በቤቷ የሌላት እናት ተራዋ ሲደርስ ማን ይተካላታል? በገንዘብስ መተካት ቢፈቀድ፣ በየትኛው ወር ትክፈል?