ለአነስተኛ ሴንሰር ካሜራ የሚሆን ዙም ሌንስ ስለ መምረጥ

ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስተኛ ሴንሰር ያለበትን ካሜራ የያዘ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም በሌንሱ ላይ የተጻፈው ርዝመት በኒኮንና በሶኒ በ1.5፥ በካነን በ1.6 ተባዝቶ መታሰቡ ነው። ስለዚህ ለሙሉ ሴንሰር የተሠራው 24-70 በካነን እንደ 38-112 ስለሚሆን፥ በጠባብ ክፍል ውስጥ አይበቃም።

ከካሜራው ጋራ አብሮ የሚሸጠው 18-55 ደግሞ ሩቁን ሲያቀርብ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 5.6 ይጠባል። ኤፍ 2.8 ከዚህ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ፍላሽ በማይፈቀድበት ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል ለሚያነሣ ተማሪ 1/15 ሰከንድን ወደ 1/60 ያደርስለታልና ቀላል ነገር አይደለም።

ሲግማ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው 18-35 በርዝመቱ ሁሉ ኤፍ 1.8ን የጠበቀ፥ ለዚህ ሴንሰር የመጀመሪያው ዙም ነው። ነገር ግን 810 ግራም ይመዝናል፤ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ መሣሪያም የለውም። በ2006 የወጣው የካነን 17-55 ኤፍ 2.8 ይህ መሣሪያ ስላለው፥ ለግድግዳ ሥዕል በእኔ አስተያየት እርሱ ይሻላል። የሚያሸበሽቡ መዘምራንን ለማንሣት ግን ማረጋጊያው የአንሺውን እጅ እንጂ የዘማሪውን እንቅስቃሴ አያቆምምና፥ ክብደቱን ችሎ ኤፍ 1.8ን መያዝ ነው። መስተዋት አልባ ካሜራ ያለው ሰው በ2021 የወጣውን የሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ይመልከት፤ 300 ግራም እንኳ አይሞላም።