እንጉዳይና ባለቤቱን የሚደበድበው ዘበኛ

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ባሉ መደብሮች «የበሽታ መከላከያ ኃይልን ያጠነክራል» የሚል የእንጉዳይ እንክብል ሞልቷል። ሉፐስ ወይም ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ከመግዛታቸው በፊት አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል።

በእነዚህ በሽታዎች ዘበኛው አልደከመም፤ የቤቱን ባለቤት ከሌባ መለየት ተስኖት ይደበድበዋል። እንደ ሪሺ ባሉ እንጉዳዮች ውስጥ የሚገኘው ቤታ ግሉካን ደግሞ የመከላከያ ሕዋሳትን የሚቀሰቅስ ነው። ለእንዲህ ያለው ዘበኛ ተጨማሪ ዱላ ማቀበል ሊሆን ይችላል።

ይህ ሲባል ግን የፈንገስ ዘር ለእነዚህ ሕሙማን አልጠቀመም ማለት አይደለም። በኖርዌይ አፈር ውስጥ ከተገኘ ፈንገስ የወጣው ሳይክሎስፖሪን እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ ለአካል ንቅለ ተከላ ተፈቀደ፤ ኋላም ለሩማቶይድ አርትራይተስ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የተፈቀደው ፊንጎሊሞድም መነሻው በነፍሳት ላይ የሚበቅል ፈንገስ ነው። የሁለቱም ሥራ ዘበኛውን ማብረድ እንጂ ማጀገን አይደለም፤ መጠናቸውም ተለክቶ በሐኪም ይታዘዛል።

እንክብሉስ? ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሆነው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ በ1994ቱ ሕግ መሠረት፣ ፈዋሽነቱን መርምሮ ለገበያ አይፈቅድም። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በእንጉዳይ አትለውጡ።