ስለ ጉበኛው፤ የመንጋ ጠባቂዎች በእግዚአብሔር ፊት ስለሚጠየቁበት ሒሳብ

ነቢዩ ሕዝቅኤል በ33ኛው ምዕራፍ ስለ ጉበኛ የተናገረው ነገር ካህናትን ሁሉ የሚያስፈራ ነው። የቃሉም ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ያልነፋ ጉበኛ፥ ሟቹ በራሱ ኃጢአት ቢሞትም እንኳ፥ ደሙ ከእጁ ይፈለግበታል። ጉበኛ የተባለው መምህር ነው፤ አንድም በሕዝብ ላይ የተሾመ ሁሉ ነው። ሰይፍ የተባለው ኃጢአት የሚያመጣው ጥፋት ነው። መለከትም ቃለ ትምህርት ነው፤ አንድም ተግሣጽ ነው።

ጉበኛውን ከፍ ባለ ስፍራ ማቆም ስለ ምን ነው ቢሉ፥ አስቀድሞ እንዲያይ ነው እንጂ በሕዝቡ ላይ እንዲኮራ አይደለም። ይህንንም የድሬዳዋ ሰው ከደቻቱ ወንዝ ሊማረው ይችላል። ደቻቱ በቀፊራ ገበያ አጠገብ የሚያልፍ፥ ከዓመቱ በሚበዛው ጊዜ ውኃ የሌለበት አሸዋ ነው፤ ሰውም ግመልም በእግሩ ይሻገረዋል። ነገር ግን በ1998 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር መጨረሻ በደጋው የዘነመው ዝናብ በሌሊት ወርዶ፥ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ፥ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤት አልባ ሆኑ። የሞቱት ከሌላው ይልቅ ኃጥኣን ነበሩ ማለት አይገባም፤ ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር እንዲህ ያለውን ፍርድ ከልክሏልና። ምሳሌነቱ ግን ይህ ነው፤ ጎርፉን በላይ ያለው አስቀድሞ ያየዋል፥ በታች የተኛው አያየውም። በላይ ያለው አይቶ ዝም ቢል፥ የተኛው ሰው አለማወቅ ለእርሱ ማመካኛ አይሆንለትም።

በቃል ብቻ መናገርም አይበቃም። የመሥዋዕቱን ሥጋ በግድ ይወስዱ የነበሩት የካህኑ የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ነበሩ። አባታቸው ወቅሷቸዋል፤ ነገር ግን በሥልጣኑ አልከለከላቸውም። ስለዚህ ፍርዱ በቤቱ ሁሉ ላይ ወረደ። ከዚህ የምንማረው፥ ዘመዱን በቤተ መቅደስ ሹሞ በደሉን የሚታገሥ አለቃ፥ የበደለኛው ተካፋይ መሆኑን ነው።

ደግሞም በ34ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ መንጋው የእግዚአብሔር ነው፤ እረኛው አደራ ጠባቂ ነው። አደራ የተቀበለ ደግሞ ሒሳብ ሳይሰጥ አይሄድም። በዚያን ቀን የሚጠየቀው ስለ ካባውና ስለ ጥላው ብዛት አይደለም፤ ደካማውን አጸናህን፥ የታመመውን አከምህን፥ የጠፋውን ፈለግህን ተብሎ ነው እንጂ።

በአገራችንም ይህን ሒሳብ በሕይወታቸው የከፈሉ አባቶች አሉ። በ1921 ዓመተ ምሕረት ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መካከል አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው ለኢጣልያ አንገዛም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓመተ ምሕረት በጎሬ እንዲሁ ሞቱ። ዝም ቢሉ ኖሮ ነፍሳቸውን ባተረፉ ነበር፤ ነገር ግን መለከቱን መጣል አልወደዱም።

የጉበኛው ዕዳ ግን ወሰን አለው። መለከቱን ነፍቶ ሕዝቡ ባይሰማ፥ ጉበኛው ነፍሱን አድኗል። ቅዱስ ጳውሎስም የኤፌሶንን ቀሳውስት ሲሰናበት ከሁሉ ደም ንጹሕ መሆኑን የመሰከረው፥ የእግዚአብሔርን ምክር ሳይሸሽግ ስለ ነገራቸው ነው። እንግዲህ ምእመናን መምህራቸውን እያሳዘኑ እንዳያስተምር አያድርጉት። መለከቱን ከአፉ የሚነጥቅ ሹምም ቢኖር፥ ጎርፉ በመጣ ጊዜ ከጉበኛው ጋር አብሮ ይጠየቃል።

አይተን ዝም ከማለት እግዚአብሔር ይሰውረን፤ አሜን።