ለቤዝመንት ሲኒማ ስፒከር ስትመርጡ

ቤዝመንታችሁን የፊልም ክፍል ልታደርጉት ነው? ከበጀቱ መጀመሪያ ለመሃለኛው ስፒከር መድቡ። የተዋንያኑ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከእሱ ነው፤ እሱ ደካማ ከሆነ ሪሞት ይዛችሁ ድምፅ ስትጨምሩና ስትቀንሱ ታመሻላችሁ። ግራና ቀኙም ከእሱ ጋር የአንድ ኩባንያ፣ የአንድ ሞዴል ቤተሰብ ይሁኑ።

ዋት ብቻ አትዩ (ሻጭ የሚያወራላችሁ እሱን ነው)። ሴንሲቲቪቲው 91 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር፣ 88 ከሆነው እኩል ለመጮህ የሚፈልገው ግማሹን ኃይል ነው።

የኮንክሪት ግድግዳ ቤዙን ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል፤ አንዱ ወንበር ላይ ሲያጓራ ሌላው ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ከአንድ ግዙፍ ሰብዉፈር ሁለት መካከለኛ እመርጣለሁ። ክሮስኦቨሩን (ቤዙ ከስፒከሮቹ ወደ ሰብዉፈሩ የሚዛወርበትን ድንበር) 80 ኸርዝ ላይ ጀምሩ።

ጂፕሰም ቦርዱ ከመመታቱ በፊት ግን ገመዱን አስቀብሩ።